ሦስት በአራት

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አናጢ ያልሆነ ወንድ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሞፈሩን ራሱ ይጠርባል፣ ድግሩን ራሱ ያበጃል፣ እርፉን ራሱ ያስተካክላል፤ ቀንበሩማ ካያቱ የወረሰው ሙያ ነው። ስለዚህ እዚህ ማንኩሳ አንድ የሰፈራችን ልጅ በእናቱ ግቢ የእንጨት ሥራ ቤት ሊከፍት ነው የተባለ ዕለት፣ ሙያውን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ እሱም ቴክኒክና ሙያ ገብቶ የተማረው ልጁ ራሱ ነው።

ክፍሏ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ናት። እስከ ትናንት ዶሮ ያድርባት ነበር። ልጁ ሜትሩን ዘርግቶ ጠረጴዛው የት፣ መጋዙ የት እንደሚቆም በሚስማር ወለሉ ላይ ሊያሰምር ሲነሳ ሰፈሩ ለምክር ገባ። "መስኮቱ ሥር አድርገው፣ ብርሃን ታገኛለህ።" "ኧረ ብርድ ይመታዋል!" "ማንን? መጋዙን?" አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ "የለም፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙረው" አሉ። "ምነው አያ፣ ሊቀድስበት ነው እንዴ?" አለች እናቱ ከጓዳ። ክፍሏ በአማካሪ ጢም ስላለች ልጁ ሚስማሩን እንደያዘ ደጅ ቆሞ ጠበቀን። ጠበቀን ያልኩት እኔም ውስጥ ስለነበርኩ ነው። ሰው ሲመክር እያየሁ ዝም ማለት አልችልበትም።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የጠረጴዛ መጋዝ ራሱ ይህን ያህል ቦታ አይፈጅም፤ ቦታ የሚፈጀው ጣውላው ነው። አራት ሜትር ጣውላ መጋዙ ጋ ከመድረሱ በፊት አራት ሜትር፣ ካለፈ በኋላ ሌላ አራት ሜትር ይፈልጋል። ክፍሏ ደግሞ ያላት ሁሉ አራት ነው። ልጁ ግን ብልህ ነው፤ መጋዙን በሩና መስኮቱ ትይዩ በሆኑበት መስመር ላይ ተከለው። ጣውላው በመስኮት ይገባና ተሰንጥቆ በበር ይወጣል። በሩ የሚከፈተው ውሃ ወደምንቀዳበት መንገድ ስለሆነ፣ ጀሪካን አዝለን ስናልፍ የጣውላ ጫፍ ብቅ ካለ ቆመን እናሳልፋለን፤ "በርታ ልጄ" ብለን እንመርቃለን። አህያ ግን አትመርቅም። በገበያ ቀን ጤፍ የጫነች አንዲት አህያ ጣውላው ሲመጣባት ብታይ ፊቷን አዙራ እስከ አስፋልቱ ፈረጠጠች፤ ባለቤቷም አብሯት። ከሰዓት በኋላ ልጁ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ሰቀለ፤ ጨርቁ ከታየ ጣውላ እየመጣ ነው ማለት ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው "ፍቅር እስከ መቃብር" የበዛብህ አገር ተብላ ስሟ ከተጠራ ወዲህ ማንኩሳ ሁለተኛ ዝናዋን አገኘች፤ የትራፊክ መብራት።

ቀጥሎ የመብራት ጠብ መጣ። መጋዙ ሲነሳ የእኔ አምፖል ትዳከማለች። ይህን ጉዳይ ቡና ላይ አንስቼዋለሁ፣ እድር ላይ አንስቼዋለሁ፣ ማኅበር ላይ ሳይቀር አንስቼዋለሁ። የእህቴ ልጅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ለበዓል ከቡሬ መጥቶ ሳለ ፍረድልኝ አልኩት። "አክስቴ" አለኝ፣ "ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር የሚስበው 2,000 ዋት ገደማ ነው። የአንቺ ምጣድ ወደ 3,500 ይስባል። አንቺ እንጀራ ስትጋግሪ መጋዙ ምን እንደሚሆን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?" ዝም ብዬ ዶሮ ወጥ ጨመርኩለት። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም፤ ዶሮ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

የልጁን ብልሃት ሳላነሳ አልለፍ። ጠረጴዛው በማጠፊያ ከግድግዳው ጋር የታሰረ ነው፤ ሲሠራ ይዘረጋዋል፣ ሲጨርስ ያጥፈዋል። መላጊያውና መሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። በእጅ የሚሠራውን በእጅ ይሠራል፤ መብራት በሄደ ቁጥር እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ልጅ አይደለም።

ይህን የምለው ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማውቀውን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እያሰብኩ ነው። ሰውየው ፈረንጆች የመኪና ማሳደሪያቸውን የእንጨት ሥራ ቤት ሲያደርጉት በስልኩ ሲያይ ከረመና ልቡ ተሰረቀ። ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት አጸዳ፤ ግድግዳው ላይ ኮምፔንሳቶ ለጠፈ፤ እዚያ ላይ መጋዝ፣ ስኳድራ፣ ካቻቢቴ፣ ሊማ፣ መሮ በየልኩ ደረደረ። የእያንዳንዱን ዕቃ ቅርጽ ዙሪያውን በማርከር አሰመረ፤ አንዱ ቢጎድል ወዲያው እንዲታወቅ። እስካሁን የጎደለ የለም፤ የሚነካቸው የለማ! እንግዳ ሲመጣ ከምሳ በኋላ ያስጎበኛል፤ ሞርሳውን አንዴ ያጠብቃል፣ አንዴ ያላላል፣ ከዚያ በጨርቅ ይወለውለዋል። ሚስቱ የቅመም መደርደሪያ ብላ ከጠየቀችው ሰነበተች። "ፕላኑን እያወጣሁ ነው" ይላታል። በመጨረሻ ከገበያ የፕላስቲክ መደርደሪያ ገዝታ ራሷ ሰቀለችው። ሚስማሩን የመታችው በዘነዘና ነው፤ መዶሻው ከተሰመረለት ቦታ እንዳይነቃነቅ።

ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። ደንበኛ ሲመጣ አፉን የሚከፍተው በዋንዛ ነው። "አደራህን፣ ባህር ዛፍ እንዳታደርግብኝ!" የሚለው ሰው ቤቱ የቆመው በባህር ዛፍ፣ ዕዳው የተከፈለው በባህር ዛፍ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ የተላከው በባህር ዛፍ ነው። እርግጥ ባህር ዛፍ ይጣመማል፣ ሲደርቅም ሚስማር ያጎብጣል፤ ዋንዛ ለመላጊያ ይታዘዛል። ግን ከመንግሥት ደን ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ መቁረጥን የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ ልጁ በገበሬ ማሳ ላይ የበቀለ ዋንዛ እስኪያገኝ ጫማው ያልቃል። ሲገኝ ደንበኛው ያንኳኳዋል፣ ያሸተዋል፣ በጥፍሩ ይፍቀዋል። ቡፌው ሲያልቅስ? "ነጭ ቀለም ቅባልኝ፣ የአዲስ አበባው ዓይነት።" በቀለሙ ላይ ዳንቴል ይለብሳል፣ በዳንቴሉ ላይ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ዋንዛነቱን የሚያውቁት እግዜርና አናጢው ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ደግሞ ችኮላችን! ለጥር ሰርግ አልጋና ቁምሳጥን የሚታዘዘው ታኅሣሥ ሲያልቅ ነው። እርጥብ ጣውላ በጥላ ሥር ተደርድሮ በወጉ ይድረቅ ከተባለ፣ ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ተኩል ለሆነ እንጨት አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል ይላሉ አናጢዎች። ልጁ ይህን ለአንድ የሙሽራ አባት ሲያስረዳ ሰውየው ትክ ብለው አይተውት፣ "እንጨቱን ነው የምንድረው ወይስ ልጄን?" አሉት። ተሠራ፣ ተዳረች። መጋቢት ላይ እንጨቱ ሲደርቅ በወርዱ ተኮማትሮ የቁምሳጥኑ መዝጊያ ተሰነጠቀ። ክረምቱ ገብቶ የእኛ አገር ዝናብ ሲወርድ ደግሞ መሳቢያው አብጦ አልከፈትም አለ። ባልየው ደመወዙን እዚያ ውስጥ ሸሽጎ ኖሮ መስከረም እስኪጠባ በብድር ኖረ። ሙሽሪት ግን በእንጨቱ ቅሬታ የላትም፤ "ቁም ነገረኛ ዕቃ ነው" ትላለች።

ሴቶቹን የተውኩ እንዳይመስላችሁ። እኛን ቡፌው አይገደንም፤ የእኛ ጉዳይ ሰገቱራው ነው። ቆርቆሮ መሐል ጠርሙስ አቁማችሁ ዙሪያውን ሰገቱራ ትጠቀጥቃላችሁ፣ ጠርሙሱን ቀስ አድርጋችሁ ትነቅላላችሁ፣ ከሥር በተበሳው ቀዳዳ እሳት ትሰጡታላችሁ፤ ሽሮው ሲንተከተክበት ይውላል። የወይራ ፍቅፋቂ ከተገኘማ ለጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ነው፤ በእሱ ጉዳይ ዘመድ አይተዋወቅም። ስለዚህ በየጠዋቱ በበሩ ስናልፍ፣ "ልጄ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ?" እንለዋለን። እሱ ስለ ሥራው ያሰብንለት መስሎት አልጋውን፣ ወንበሩን፣ ልኩን ሁሉ ያብራራል። እኛ የምንጠብቀው የእንጨቱን ስም ብቻ ነው። አንዲት ጎረቤቴ እርፍ በወይራ እንዲሠራላት አዝዛዋለች፤ በሬም መሬትም የላትም።

እንዲህ ያለችውን ክፍል ታዲያ ማን አጠበባት? "እግረ መንገድህን አንዴ መታ መታ አድርግልኝ" እያልን በነፃ ያስገባነውን ዕቃ እዩት፤ አንድ እግሩ የወለቀ በርጩማ፣ ጎማ የሌለው የልጅ ጋሪ፣ ጀርባው የተገነጠለ የእድር አግዳሚ፣ አፉ የተሰነጠቀ ሙቀጫ፣ የአልጋ ራስጌ ያለ ግርጌ፣ ሌላ የአልጋ ግርጌ ያለ ራስጌ። ልጁ ባለፈው ሰሞን ጠረጴዛውን ሊዘረጋ ቢሞክር ግማሽ መንገድ ላይ ቀረበት። ይሉኝታ ይዞት ውሰዱልኝ ሊል አልቻለም፤ እኔ ልበልለት።

የአግዳሚው ባለቤት እድሩ ነው፤ ዳኛው ያስቡበት። በርጩማው፣ ጋሪው፣ ሙቀጫውና ሁለቱ ግማሽ አልጋዎች የማን እንደሆኑ ሰፈሩ ያውቃል፤ እባካችሁ እስከ እሑድ አንሱለት። ከበሩ ጀርባ የተደገፈው ገበታ የእኔ ነው። እሱ ቦታ አይዝም፤ ተዉት።