ጥገና ይቅርብን

የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በቅርቡ ሰፊ እድሳት ተደረገለት። ስንጥቁ ተደፈነ፣ በግድግዳው ላይ የበቀለው ተነቀለ፣ የላላው ድንጋይ ጠበቀ። ከተማው ሲደሰት እኛ ጥቂቶች ነጠላችንን አዘቅዝቀን ተቀመጥን። ለቅሶ ደራሽ ግን አልመጣም፤ ሁሉም ግቢው ውስጥ ፎቶ ሊነሣ ሄዷል።

ይህን አቤቱታ የምናቀርበው ከዚያው ሐዘን ሳንነሣ ነው። ጥያቄያችን ቀላል ነው። መፍረስ የጀመረ ግንብ፣ መንጠባጠብ የጀመረ ቧንቧ፣ መላጥ የጀመረ ቀለም የጀመረውን እንዲጨርስ ይተውልን። ማንም መሐል ገብቶ አያቋርጠው።

በመጀመሪያ ነገር፣ ጥገና የአገሩ ወግ አይደለም። ምስክራችን ራሱ ግቢው ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆርቁረው ያንን በአራት ማዕዘኑ ግንብ የቆመበትን ቤተ መንግሥት አሠሩ። ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስ የራሳቸውን ሕንፃ ከጎኑ አስነሡ። አድያም ሰገድ ኢያሱ ደግሞ የራሳቸውን። ዳዊት የዘፈን ቤት ሠሩ፤ በካፋ የግብር አዳራሽ ሠሩ፤ እቴጌ ምንትዋብ በግቢው ውስጥ አንድ ቤተ መንግሥት አሠርተው ሲያበቁ ቁስቋም ወጥተው ሌላ ጀመሩ። ሰባት ሄክታር በሚሆን ቅጥር ውስጥ ይህ ሁሉ ቤት የተሰበሰበው የአባቱን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ልጅ ስላልነበረ ነው። ያ ሁሉ ንጉሥ ጠጋኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጎንደር ውስጥ አንድ በደንብ የተያዘ ቤት ብቻ ይኖረን ነበር። አስጎብኚው በሩብ ሰዓት ጨርሶ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

ይህ ወግ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ መጥቷል። አዲስ ሆቴል ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ ኃላፊ አይጠፋም። የአሮጌውን ሆቴል የቧንቧ ጎማ ሲያስቀይር ፎቶ የተነሣ ኃላፊ ግን ታይቶ አይታወቅም። ይህን ዝርክርክነት የሚሉ አሉ። ከዘውድ የተወረሰ ሥርዓት መሆኑን ቢያውቁ አፋቸውን ይሰበስቡ ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃችን የጠገኑ ሰዎች የደረሱበት ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ግቢውን ቢሮ አድርገው ሲቀመጡበት አድሰውታል። በምን? በሲሚንቶ። የጎንደር ግንብ የቆመው በኖራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ ክረምት የጠጣውን ውሃ በበጋ መልሶ ይለቃል። ሲሚንቶ ግን የግድግዳውን አፍ ይዘጋዋል፤ እርጥበቱ ውስጥ ይታሰርና ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ባለሙያዎች ወደ ኖራ ተመለሱ። አንዳንድ ሰዎች ከዚህ የሚማሩት በተገቢው ቁስ መጠገን እንደሚገባ ነው። እኛ የተማርነው እጅን ኪስ ውስጥ ማቆየት እንደሚገባ ነው። ኖራ ለማዘጋጀት ድንጋዩን ማቃጠል፣ በውሃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያም መታገሥ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያውቅ ግንበኛ መፈለግም አለ። አለመጠገንን ግን የትኛውም ጽሕፈት ቤት ያለ ሥልጠና፣ ያለ ጨረታ፣ ከዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ሊያከናውነው ይችላል።

ደግሞስ ሰው ጎንደር የሚመጣው ምን ሊያይ ነው? የኢያሱን ቤተ መንግሥት እንውሰድ። በዝሆን ጥርስና በወርቅ ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በ1941 ደግሞ የብሪታንያ አውሮፕላኖች ጣሊያንን ሊመቱ መጥተው ቦምብ ጣሉበት። ዛሬ ጣሪያው ሰማይ ነው። ለዚህ ውጤት ተፈጥሮም የውጭ ኃይልም እኩል ደክመዋል፤ የእኛ ድርሻ ከቶ ባይወሳም ዝቅ ተደርጎ አይታይ። እነሱ የጀመሩትን ሳናበላሽ ጠብቀናል። ከዚያ በፊትም ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866፣ ድርቡሾች በ1888 ከተማዋን አቃጥለዋታል። ይህን ሁሉ ችላ ያለፈች ከተማ በሻወር ብልሽት የምትሸበር ይመስል በየመድረኩ ስለ አገልግሎት ጥራት ይለፈለፋል።

ሻወር ካልን ዘንድ ወደ እንግዳ ማረፊያዎቻችን እንለፍ። የማንንም ስም አንጠራም። ሁሉም በየፊናው ደክሟልና አንዱን ነጥሎ ማመስገን ሌላውን ያስከፋል።

እንግዳው ይደርሳል። አራተኛ ፎቅ አልጋ ይሰጠዋል። አሳንሰሩ ላይ «በጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ከፀሐይ ብዛት ወይቦ እሱ ራሱ ጥገና የሚሻ ሆኗል። ወጥቶ ቧንቧውን ሲከፍት ቧንቧው ያስላል። የቦይለሩ ቀይ መብራት በርቷል፤ ከቦይለሩ ሥራ የቀረውም እሱ ነው። ጥቂት ቆይቶ በሩ ይንኳኳል። አንዲት ልጅ ባልዲና ጆግ ይዛ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ሙቅ ውሃ አምጥቼልዎታለሁ። ቧንቧው ነገ ይሠራል።»

«ትናንትም ነገ ብለሽኝ ነበር።»

«እሱ እኮ የትናንቱ ነገ ነው ጋሼ።»

ሃያሲው ይህን ብልሽት ይለዋል። እኛ በትሕትና የምንጠይቀው ዐፄ ፋሲል በምን ይታጠቡ እንደነበር ነው። ቦይለር ነበራቸው? አራተኛ ፎቅ የሚወጡት በአሳንሰር ነበር? እንግዳው ቀን ለመግቢያ ከፍሎ የ17ኛውን መቶ ዓመት ከውጭ ያያል፤ ማታ ደግሞ ጭማሪ ሳይጠየቅ ገብቶ ይኖረዋል። መብራት ሲሄድ ሻማ ይመጣለታል። ጀነሬተሩ ናፍጣ ካለቀበት እራቱም በሻማ ይሆናል። ሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ዘመን ለማስመሰል ተዋናይ ይቀጥራል፣ ልብስ ያሰፋል። የእኛ ሠራተኞች ምንም ሳያስመስሉ ይሠሩታል።

ስለ ውሃው ፍትሐዊ መሆን አለብን። የአንገረብ ግድብ ከተማዋን ሲያጠጣ ኖሮ ከዳገቱ የሚወርደው ደለል እየሞላው መጣ፤ ከተማዋ ደግሞ እያደገች ሄደች። ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ግንባታ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላል ተረቱ፤ የጎንደር ልጅ ግን አልጠማውም፣ ወረፋ ላይ ነው፤ ጄሪካኑም በስሙ ተሰልፏል። ስለዚህ ውሃ የለም ለሚል ሆቴል ሰበብ አናጣለትም። የሚያስደንቀን ውሃ የመጣ ቀን የሚሆነው ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ሌሊቱን ሲፈስ ያድራል፤ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ዕቃ ተሰብሯላ። ጠዋት ክፍሎቹ ደረቅ ናቸው፣ ጓሮው ግን ለምልሟል። በጥቂት ብር ተገዝቶ በግማሽ ሰዓት የሚገጠም ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን ስስ ሚዛን ለማፍረስ እጁን የሚያነሣ ቧንቧ ሠራተኛ እስካሁን አለመጠራቱ የአስተዳደሩን አርቆ አሳቢነት ያሳያል።

የውጭውን ዓለም ልምድ ሳንመለከት አላለፍንም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲዝኒላንድ የሚባል የመዝናኛ ስፍራ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተ ነው። እዚያ እንግዳ ከወጣ በኋላ ሌሊቱን ሲያጥቡ፣ ቀለም ሲቀቡ፣ የላላ ብሎን ሲያጠብቁ ያድራሉ። ሲሰማ ያሳዝናል። እነዚሁ ሰዎች ግን በ1969 የመናፍስት መኖሪያ የሚባል ቤት ከፈቱ፤ ቤቱ የተረሳ እንዲመስል ሰው ሠራሽ የሸረሪት ድር ያደሩበታል፣ አቧራም ይነሰንሱበታል። አቧራውን በገንዘብ ይገዙታል! እኛ ጋ ከአዘዞ መንገድ ሲነሣ በነጻ ገብቶ በመጋረጃው፣ በሶፋው፣ በፕላስቲክ አበባው ላይ እኩል ይከፋፈላል። የሸረሪት ድሩም የአገር ውስጥ ምርት ነው። ይህን ሀብት በየጠዋቱ በመጥረጊያ የሚያባክኑ ሆቴሎች አሁንም መኖራቸው የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ እንደሚቀር ይጠቁማል።

ቀሃ ወንዝ አጠገብ ወዳለው የፋሲል መዋኛ ደግሞ ብቅ እንበል። የትላልቆቹ ዛፎች ሥር የድንጋዩን አጥር አቅፎ፣ በስንጥቁ ገብቶ፣ በሌላው በኩል ወጥቷል። ሥሩ ግንቡን ፈልቅቆታል ወይስ ደግፎ አቁሞታል የሚለውን ለመሐንዲሶች እንተዋለን። እኛ የምናውቀው ያ ዛፍ የውሎ አበል ሳይጠይቅ፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይል፣ በቦታው የሚገኝ ብቸኛ ሠራተኛ መሆኑን ነው። ገንዳው ዓመቱን ደረቅ ሆኖ ለጥምቀት ይሞላል። ቤታቸው ውሃ ካዩ ሳምንታት ያለፋቸው ሰዎችም በዚያ ቀን ዋናተኛ ይሆናሉ።

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ከአንድ ወር ጥቂት ቀን ባለፈ ጊዜ፣ በዚህ ገንዳ ዳር ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። እንጨቱ ቅርስ አልነበረም፤ የመሬት መንቀጥቀጥም አልነበረም፤ አውሮፕላንም አላለፈም። ለዚህ መከላከያ አላዘጋጀንም። ወደሚቀጥለው እንለፍ።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ የፋሲል ግቢ በዓመቱ ተከተለው። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስፍራ ግን ዛሬ ከሺህ በላይ ነው፤ ማንም ሊገባበት የሚችል፣ ብዙኃን የሞሉበት መዝገብ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 ከዚያ ግርግር ተለይቶ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች የሚሰፍሩበት ጠባብ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ እዚያ ያሉት ጥቂት አሥሮች ናቸው። የዋልያው ቁጥር መመናመን፣ በፓርኩ የሚያልፈው መንገድ፣ እርሻውና ግጦሹ ተደማምረው ይህን ማዕረግ አስገኙልን። 21 ዓመት ጠበቅነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2017 ሰዎች ሥራ ሠርተው፣ ሁኔታው ተሻሽሏል ተብሎ ከዚያ መዝገብ ተሰረዝን። እስከ ዛሬ ስለ መሰረዛችን በግልጽ ተጠያቂ የሆነ የለም።

ተስፋ ግን አልቆረጥንም። ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ላይ፣ በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት አዲስ ሪዞርት ተሠርቷል። ሁኔታው ልብ ይሰብራል። ቀለሙ አልተላጠም፣ በሩ ሲዘጋ ይዘጋል፣ ውሃውም በቀይ በኩል ሲከፈት ሙቅ ነው ይባላል። ይህ የልጅነት ጠባይ እንደሆነ የምናውቀው አሁን አርጅተው የምንኮራባቸው ሆቴሎች በሙሉ ሲመረቁ እንዲሁ ስለነበሩ ነው። በዚያ ላይ አካባቢው ጥሩ አርአያ አለው፤ ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የቀረው የጎርጎራ ግንብ ፍርስራሽ ብዙም ሳይርቅ ይገኛልና አዲሱ ሕንፃ ምን ሊሆን እንደሚችል ዘወትር ያስታውሰዋል።

ለአስተዳደሩ የምንመክረው እንዳይቸኩል ነው። አንድ ቀን ከክፍሎቹ በአንዱ ቧንቧ መንጠባጠብ ይጀምራል። የዚያን ዕለት ቧንቧ ሠራተኛ ከተጠራ ነገሩ ተበላሸ። ከሥሩ ባልዲ ቢቀመጥ ግን ይበቃል። ባልዲው ሲሞላ ሁለተኛ ባልዲ ይገዛ፤ ለባልዲ በጀት አይጠፋም፣ ከምረቃው ሪባን ይረክሳል።