ሥርዓተ ግብዓት፤ ስለ ሕዝብ ውይይት መድረክ የተዘጋጀ አጭር ድርሳን

ሊቃውንት የሰማይን ከዋክብት ቆጥረው፣ የአራዊትን ጠባይ መርምረው፣ የዕፀዋትን ባሕርይ በየነገዱ ለይተው ሲያበቁ፣ በየቀበሌውና በየወረዳው አዘውትሮ የሚደረገውን፣ መታወቂያ ለማውጣት ዕድሜው የደረሰ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳይቀመጥበት የማያልፈውን፣ በመንግሥት ቋንቋ «የሕዝብ ውይይት መድረክ» የሚባለውን ጉባኤ እንደ ራሱ ሥርዓት አድርጎ የሚመለከተው ሰው እምብዛም ስላልተገኘ፣ እኛ ዕውቀታችን ትንሽ ትዕግሥታችን ብዙ የሆነው፣ በካፋ ዞን ርእሰ ከተማ በቦንጋ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ስድስት ሰዓት ሙሉ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ያገኘነውን የምርምር ፍሬ ለአንባቢ ለማቅረብ ደፈርን። የጠሪውን መሥሪያ ቤት ስም አንጠራም፤ ሥርዓቱ የሁሉም ስለ ሆነ አንዱን ለይቶ ማመስገን ሌሎቹን ማስቀየም ይሆናል።

ነገሩ ሥር የሌለው እንዳይመስል ከጥንቱ እንጀምር። በካፋ መንግሥት ዘመን ታቶ የሚባለው ንጉሥ «ሚክረቾ» የተባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት፤ እነዚህም ሰባት ሰዎች ንጉሥ በሚመረጥበት ጊዜ ቃላቸው የሚደመጥ፣ ንጉሡም ከነገሠ በኋላ ሥልጣኑ ልክ እንዳያልፍ የሚገቱት ነበሩ። ሥርዓቱ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስኪማረክ ድረስ ቆይቷል። ያን ጊዜ የሚጠየቁት ሰባት ብቻ ሲሆኑ እምቢ ለማለት ይችሉ ነበር፤ ዛሬ የሚጠየቀው ሰው አዳራሽ ሞልቶ በረንዳ ላይ ይተርፋል። ከዚህ ተነሥተን የአማካሪው ቁጥር በበዛ መጠን የምክሩ ክብደት እንደሚቀንስ የሚያስረዳ አንድ ሕግ ለማውጣት አስበን ነበር፤ ነገር ግን ሕግ ለማውጣት ሕዝብ ማወያየት ግድ ስለሚሆን ተውነው።

ባሕር ማዶም ቢሆን ሰውን ወደ ጉባኤ ማምጣት ቀላል አልነበረም። በጥንቷ አቴና ቀይ ቀለም የተነከረ ገመድ በገበያ መካከል ተዘርግቶ ሥራ ፈቱንና ወሬኛውን ወደ ሸንጎው ይነዳ ነበር፤ በልብሱ ላይ ቀይ የተገኘበትም ይቀጣ ነበር። ይህም አላዋጣ ሲል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕት መባቻ ላይ ለተሰብሳቢው ገንዘብ ይከፈለው ጀመር። እኛ ሁለቱንም አሻሽለን ይዘናል፤ ገመዱን ሞንታርቦ በተጫነበት መኪና ተክተነዋል፤ ክፍያውም አልቀረም፤ ውሎ አበል ተብሎ ከመድረኩ ላይ ለሚቀመጡት ይሰጣል።

ስለ ሕጉ ረጅም ነገር አያስፈልግም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። መብቱ የመጠየቅ መሆኑን ልብ ይሏል። የሰጡት ሐሳብ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አንቀጹ ዝም ብሏል፤ ጉባኤውም ለአንቀጹ እስከ መጨረሻው ታማኝ ነው።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። በሩ ላይ አንዲት ወጣት ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክና ፊርማ የሚል መስመር የተሰመረበት ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች፤ የወረቀቱ ራስጌ ባዶ ነው። ሁላችንም ፈርመን ገባን። ቤተ ክርስቲያን በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ እንደምትከፈል፣ የካፋ ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ሲመዘገብ የማይነካው እምብርት፣ እምብርቱን የሚከልለው ቀጣናና ሰው አርሶ የሚኖርበት የመሸጋገሪያ ቀጣና ተብሎ በሦስት እንደ ተከፈለ፣ አዳራሹም እንዲሁ ሦስት ክፍል አለው። ከፊት ስፖንጅ ያለው ወንበር፣ የላስቲክ አበባና የታሸገ ውኃ የሚገኝበት እምብርት አለ፤ ይህን የሚነካ የለም። ቀጥሎ እምብርቱን ከሕዝብ የሚከልሉት የኮሚቴ አባላትና የየጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ተቀምጠዋል። የመሸጋገሪያው ቀጣና የእኛ ነበር፤ ስሙም ተገቢ ነው፤ ከእኛ መካከል ገሚሱ በበሩ እየወጣ እየገባ ሲሸጋገር ነበር የዋለው።

ጉባኤው ጧት በ2 ሰዓት ተኩል እንደሚጀመር ተነግሮ ነበርና ልክ በ4 ሰዓት ተጀመረ። የመክፈቻ ንግግር ተደረገ፤ ያንንም ንግግር የሚያስተዋውቅ ንግግር ቀድሞት ነበር። ከዚያ በኋላ «የአገልግሎት አሰጣጥ ማሻሻያ ረቂቅ ሰነድ» በፕሮጀክተር ቀረበ። የሰነዱ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ መታወቂያ የሚታደስበትና የነዋሪነት ማረጋገጫ የሚሰጥበት ክፍል ከታችኛው ሰፈር ተነሥቶ ዳገቱ ላይ ወዳለው ሕንፃ ይዛወር የሚል ነው። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር በቻሉ ነበር፤ ሆኖም ከዓላማ፣ ከመነሻ፣ ከነባራዊ ሁኔታና ከተግዳሮት ጋር ስድሳ ሁለት ስላይድ ሆነ፤ አቅራቢውም የመጨረሻውን «አመሰግናለሁ» የሚለውን ጭምር አነበበልን። ከስላይዶቹ አንዱ ወደፊት አገልግሎቱ የሚሰጥበትን የላይኛውን ሕንፃ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ በፎቶግራፉ ላይ ሰዎች ወረፋ ይዘው ይታያሉ። ከጎናችን የተቀመጠ አንድ ሰው በወረፋው መካከል ራሱን አይቶ በደስታ ለጎረቤቱ ሲጠቁም ተመልክተናል።

በዕረፍት ሰዓት ለስላሳ ታደለ። የዓረቢካ ቡና መገኛ ነው በሚባልበት ምድር፣ ማንኪራ ከምትባለው የቡና እናት ሩቅ ባልሆነ ስፍራ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ ቡና የሚያጣበት ብቸኛው ቦታ ይህ አዳራሽ መሆኑን ለተከታይ ተመራማሪዎች በማስታወሻ ትተናል። ቡናው ከመንገዱ ማዶ፣ ዝናቡን በሸራ ከጋረደች ሴት ዘንድ ነበር። በዚያ ሸራ ሥር በሩብ ሰዓት ውስጥ የዳገቱ ርዝመት፣ የክረምቱ ጭቃ፣ የባጃጅ ሒሳብና ከሁለት ቀን አንዱን ታችኛው ሰፈር ሊውል ስለሚችል ጸሐፊ ሐሳብ ቀርቦ፣ ተከራክረውበት፣ ሁሉም ተስማማ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ግን ይህ ስብሰባ እንደ ተደረገ አይቆጠርም።

ከዕረፍት መልስ መድረኩ ለቤቱ ክፍት ሆነ። ጥያቄ በአምስት በአምስት ተሰበሰበ፤ መልሱ ሁሉም ዙር ካለቀ በኋላ ባንድነት እንዲሰጥ ስለሆነ፣ መልሱ ሲመጣ ጥያቄው የማን እንደ ነበረ ጠያቂውም ረስቶታል። አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ያንን ዳገት በዚህ ጭቃ እንዴት አድርጌ ልውጣው?» አሉ። ቀጥለውም አንድ አዛውንት በካፍኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ በእጃቸው መንገዱን፣ ወንዙን፣ የጫማቸውን ሶል ሳይቀር አሳዩ፤ አስተርጓሚውም፣ «አባታችን ሐሳቡን በመሠረቱ ደግፈዋል» ብሎ በአጭሩ ተረጎመው። ቋንቋውን የሚያውቁት ሳቁ፤ የማያውቁት አጨበጨቡ።

የመድረኩ መሪ መልስ ሲሰጥ፣ «እናቴ፣ ክልላችን እንኳ መቀመጫውን ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ አድርጎ በአራት ከተማ እየሠራ፣ እኛ አንድ ዳገት ይከብደናል?» አለ። ምሳሌው ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ያ ክልል የተመሠረተው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝቡ ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ ቀርቦለት፣ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ከትቶ፣ ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ መሆኑን መዘንጋቱ ነው። ሳጥን የገባበትን ይቆጥራል እንጂ፣ «በግብዓትነት ወስጄዋለሁ» አይልም።

ይህ የኋለኛው ቃል የጉባኤው ሁሉ ማዕከል ስለ ሆነ፣ እንደ አባቶቻችን ልማድ በአንድምታ ልንፈታው ይገባናል። «ሐሳባችሁን በግብዓትነት ወስደነዋል» አለ። ሰምተናችኋል ሲል ነው። አንድም፣ ሰዓቱ ሄዷል፣ ምሳ ደርሷል ሲል ነው። አንድም፣ «ግብዓት» ማለቱ ስለ ምን ነው? ግብዓት ወደ ውስጥ የሚገባ ነውና፣ ገብቶ የማይወጣ መሆኑን ሲያጠይቅ ነው። አንድም፣ «ወስደነዋል» ማለቱ፣ ከእናንተ ዘንድ ስለ ወሰድነው ከእንግዲህ በእናንተ ዘንድ የለም፣ ደግማችሁ አታነሡት ሲል ነው። የመጨረሻው ትርጓሜ ለእኛ ይበልጥ የቀና ይመስለናል። «አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚለውንም ልንፈታ ጀምረን ነበር፤ አቅጣጫ የሚሄዱበት እንጂ የሚቀመጥ ነገር ባለመሆኑ ምሥጢሩ ከአቅማችን በላይ ሆነ።

ቃለ ጉባኤውን ከሳምንት በኋላ ለማየት ዕድል አግኝተናል። በንጹሕ እጅ የተጻፈ፣ ፊደሉም ያልተሳሳተ ነው። ስለ ጉልበታቸው የተናገሩት እናት በተራ ቁጥር ሦስት ላይ ተጠቅሰዋል፤ «አንዲት እናት አገልግሎቱ ወደ ከፍተኛ ደረጃ መሸጋገሩን አንሥተዋል» ይላል። ይህን ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ ዳገቱ በእርግጥ ከፍተኛ ነው። አዛውንቱ በተራ ቁጥር አራት ደጋፊ ሆነዋል። በሸራው ሥር የተባለው የለም። በር ላይ የፈረምንበት ወረቀት ግን አለ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ተያይዞ፣ ያን ዕለት ባዶ የነበረው ራስጌው፣ «የማሻሻያውን ሐሳብ ተወያይተው ያጸደቁ ነዋሪዎች ስም ዝርዝር» በሚል ርእስ ተሞልቷል።

ክቡር አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም በዚያ ዕለት ከዝናቡ ለመጠለል ብቻ ጎራ ብለው በሩ ላይ ፈርመው ከሆነ፣ ስምዎን ከዝርዝሩ ውስጥ ያገኙታል፤ በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል።