ባቡር ሳንገዛ ባቡር ሳንሸጥ

«እዚህ አገር ከመኪና የጸዳ የሳይክል መንገድ የት አለና ነው? ለዚህማ አውሮፓ መሄድ ነው» የሚል አዲስ አበቤ ወዳጅ አለኝ። የሳይክሉን ዋጋ ሲነግርህ «ሊብሬ አለው?» ብለህ ትጠይቀዋለህ። ሄልሜት አለው፤ ጓንት አለው፤ ወደ ኋላ የሚያሳይ መስታወት አለው፤ ገላው ላይ የተቀባ የሚመስል ሱሪ አለው። የጎደለው መንገድ ብቻ ነው።

«ቪዛውን ተውና የወልቂጤን ቅጥቅጥ ተሳፈር» አልኩት።

«ወልቂጤ? 158 ኪሎ ሜትር ሙሉ ጫት የጫነ አይሱዙ እየተከተለኝ?»

«አይከተልህም። አይሱዙ ጫት ጭኖ ሰው ሲከተል ታይቶ አይታወቅም። አልፎህ ሄዶ፣ አራግፎ፣ ሲመለስ ያገኝሃል።»

«በቡታጅራ በኩልስ?»

«በዚያ መስመር ደርቦህ የማያልፍ ነገር ከፈለግህ የቲያ ትክል ድንጋዮች አሉልህ። 36 ናቸው። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. መዝግቧቸዋል። ከሲኖትራክ ጋር ሲሽቀዳደሙ የተያዙበት ቀን የለም።»

ቀልዱን ትተን፣ አስፋልቱን አልመክርም። የጅማ መንገድም ሆነ የቡታጅራ መንገድ ለሳይክል ትከሻ የለውም፤ ያለውም ቦታ ላይ ባጃጅ ቆሞበታል። ሳይክሉን ቅጥቅጡ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ከቆጮውና ከዶሮው ጎን አስጭነህ ወልቂጤ ውረድ። ከዚያ ወደ ጉብሬ፣ ወደ እምድብር፣ ወደ አገና አቅጣጫ ሄደህ ከዋናው መንገድ ታጠፍ። የታጠፍክበት ቦታ ጀፎረ ይባላል።

የሰባት ቤት ጉራጌ መንደር ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከኋላቸው እንሰቱ፣ በመካከላቸው ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና አለ። ስፋቱ በየመንደሩ ቢለያይም በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው፤ ስድስት ላም ጎን ለጎን ተሰልፎ ሲሄድ አንዷም ጥሩንባ አትነፋም። ሙሽራ በእሱ ይገባል፤ ለቅሶ በእሱ ይወጣል። ሽማግሌ እዚያው ይሰየማል፤ ፈረስ እዚያው ይጋለባል፤ ለመስቀል ደመራው እዚያው ይቆማል። ከብቱ ሣሩን ያጭደዋል፤ ለማጨጃ ደመወዝ አይጠይቅም። መሬቱ ከፍ ዝቅ እያለ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ አንዱ መንደር ሲያልቅ በጠባብ የእግር መንገድና በጅረት መሻገሪያ ሌላው ይቀበልሃል። ሳይክለኛ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ወዳጄ ይፈልጋል፤ «ቀለም የተቀባ መስመር የለውም» አለኝ። አረንጓዴ ነው፤ ዳር እስከ ዳር።

«ማን ነው የሚጠብቀው?» አለ ደግሞ።

የጆካ ቂጫ ነው የሚጠብቀው፤ የሰባት ቤቱ ባህላዊ ሕግ። አጥሩን ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። አዲስ አበባ ደንብ አስከባሪ አለ፣ ትራፊክ አለ፣ ካሜራ አለ፤ እግረኛ መንገዱ ላይ ግን ጀበና ተጥዷል። እዚህ ሽማግሌ ብቻ ነው ያለው፤ አጥሩ ይመለሳል።

እሱ ግን አውሮፓውን አልለቀቀም። «ስፔኖች ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ያቆሙ የባቡር ሐዲዶችን አንስተው ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሳይክልና የእግር መንገድ ሠርተዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጎበዞች ናቸው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ ሐዲዱ የተዘረጋበት መንገድ ለጥ ያለ ነው፤ ለሳይክል የተመቸውም ለዚህ ነው። ግን አስበው፦ መጀመሪያ ባቡር መግዛት፣ ቀጥሎ ባቡሩን ማክሰር፣ ከዚያ ሐዲዱን መንቀል። ጉራጌ ለአንድ ዕቃ ሦስት ጊዜ አይከፍልም።

«ያው ቋጣሪ ነን ማለትህ ነው» አለና ሳቀ። ይህችን ሲጠብቃት ነበር።

ወንድሜ፣ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲቋቋም ገንዘቡ የወጣው ከመርካቶ ሱቅ፣ ከሊስትሮ ሳጥንና ከእናቶች መቀነት ነው። ሰው ወደ አገሩ የሚገባበትን መንገድ አዋጥቶ አስጠረገ። አንተ ለሰፈርህ ቱቦ ክዳን አዋጣ ስትባል ሰባት ስብሰባ ቀረህ። ቋጠሮስ አለ፤ ለምን እንደሚፈታ ግን እናውቃለን።

አዲስ አበባም «መንገድ ለሰው» ጀምራለች ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወር አንድ እሁድ አንዳንድ ጎዳና ለመኪና ይዘጋል፣ ልጆች ይሮጡበታል፣ ደስ ይላል። ታዲያ ከሰዓት በኋላ መኪናው ይመለሳል። ጀፎረ ላይ ወሩ ሠላሳ እሁድ አለው።

አሁን ወደ ዳገቱ። ይህን ልደብቅህ አልችልም። ወልቂጤና ቡታጅራ ካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው፤ ካርታ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው። በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች አሉ፤ ዘቢዳር ብቻውን ከ3,500 ሜትር በላይ ይነሳል። «ጠዋት ከወልቂጤ ተነስቼ ከሰዓት ቡታጅራ ማኪያቶ እጠጣለሁ» ያለ ሳይክለኛ ማኪያቶውን አስቀድሞ ይክፈል፤ ወራሾቹ ይጠጡለታል። ሁለቱን ለየብቻ ሂድ። ወልቂጤን ለጀፎረው፣ ቡታጅራን ደግሞ ለምሥራቁ ሜዳ።

ከቡታጅራ ወደ ማረቆ፣ ወደ ቆሼ ስትወርድ አገሩ ወደ ስምጥ ሸለቆ እየተዘረጋ ይሄዳል። ዋናው መንገድ የመኪና ነው፤ ከእሱ ግራና ቀኝ ግን ጋሪ የሚሄድባቸው የአፈር መንገዶች በእርሻው መሃል ይሸሻሉ። የጋሪ መንገድ ለሳይክል የተሠራ ያህል ነው፤ ፈረስ የማይወጣውን ዳገት ጋሪ ነጂ አይመርጥም። በርበሬው ሲለቀም ከደረስክ ዕንባህ የመጣው ከድካም ይሁን ከማረቆ በርበሬ የሚለይ የለም፤ ክብርህ ይጠበቃል።

ጎማ ግን ወፍራም ይሁን። ቡታጅራ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ የወዳጄን ጎማ በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አደረጉና «ይሄ ስስ ነው» አሉት።

«ሐጂ፣ ከውጭ የመጣ ነው፤ በጣም ውድ ነው።»

«ውድነቱን የግራሩ እሾህ አያውቅማ!»

ከሰዓት በኋላ ካላማዳሪያው ተንፍሶ መጣ። ሐጂ ባልዲያቸውን ውሃ ሞልተው ጠብቀውታል።

ባጃጅ ነጂው ደግሞ «ልጫንህ?» አለው። «ሳይክል አለኝ» ሲለው፣ «እሱም ይጫናል፤ ሒሳባችሁ ግን ለየብቻ ነው» አለ። ባጃጁ ራሱ ከማርጀቱ የተነሳ ቁልቁለት ላይ ካልሆነ ሥራ አይገባም።

የጀፎረው ዳር እናትማ የወዳጄን አለባበስ ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ልጄ፣ ሱሪህን ማን ወሰደብህ?» ብለው አዘኑለት፤ ከዚያ ቆጮ በጎመን አቀረቡለት። ይህ ዓይነቱ የመንገድ ዳር አገልግሎት ስፔን ውስጥ መኖሩን ጠይቄው እስካሁን እያሰበ ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ንግግር ግን አለ፦ «ሳይክል የእኛ ስፖርት አይደለም» የሚለው። ኢትዮጵያ በሜልቦርን ኦሎምፒክ፣ በ1956 እ.ኤ.አ.፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ሳይክለኞች ይዛ ነው የገባችው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ከዚያ አራት ዓመት በኋላ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2025 እ.ኤ.አ. የዓለም የጎዳና ሳይክል ሻምፒዮና አፍሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ኪጋሊ አዘጋጀችው፤ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ! እኛ ገና «ዳገት ነው» እያልን ነው።

እስካሁን አዲስ አበቤውን ነበር የምተርበው። ቀጥሎ ተራው የእኛው ነው።

መስቀል ሲደርስ መርካቶ ይዘጋል፣ ሁሉም አገሩ ይገባል። እሰየው! ግን ላንድክሩዘሩን የት ነው የሚያቆመው? ጀፎረው ላይ። መስከረም ነው፤ ክረምቱ የጠገበው መሬት ገና አልጠጠረም፤ ጎማው ሣሩን ቆርሶት ይሄዳል። አባትህ ፈረሱን ያሰረበት ሣር ላይ አንተ ጭቃ ትረጫለህ፤ ጎረቤት መኪናህን እንዲያይልህ። አይቶታል ወንድሜ፤ አሁን አንሳው። አንዱ ደግሞ ገንዘብ ሲያገኝ አጥሩን ያድሳል፤ የአዲሱ አጥር ጉድጓድ ከአሮጌው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ነው። «ቆርቆሮው ተርፎኝ ነው» ይላል። የተረፈህን ቆርቆሮ ሽጠው እንጂ መንገድ አትሽጥበት!

አንዳንዱ ባለሥልጣንም ጀፎረን ሲያይ ሣሩ አይታየውም፤ የሚታየው ያልተነጠፈ ኮብልስቶን ነው። ልማት ይምጣ፤ አምቡላንስ የሚገባበት መንገድ ያስፈልጋል፤ እሱ በጎን ይሠራ። ሣሩ ግን ይቆይ።

ሳይክለኛም ቢሆን ዝም ብሎ አይገባም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ና፤ በክረምት ጎማህ ሣሩን እንደ መኪናው ባይሆንም ይጎዳዋል። ለቅሶ ካለ ውረድና ግፋ። ሽማግሌ ተሰይሞ ካየህ ቃጭልህን አትደውል፤ ሰላምታ ስጥና ዞረህ እለፍ።

ለዘንድሮ መስቀል የምትገቡ ደግሞ መኪናችሁን ወልቂጤ ወይም እምድብር አቁማችሁ፣ ወደ መንደር በእግር፣ በፈረስ ወይም በሳይክል ግቡ፤ መሬቱ ገና እርጥብ ነውና ሣሩ ላይ ስትደርሱ ሳይክሉን ውረዱና ግፉት። ከክትፎው በኋላም ያው ሳይክል በጣም ያስፈልጋችኋል።