ፎርማት ያላዳነው

ናይሮቢ ውስጥ ላፕቶፕህ ድምፅ ቢያጣ ምንም አትስጋ፤ መድኃኒቱ ቅርብ ነው፤ ሉቱሊ ጎዳና ውረድ። ጎዳናው እ.ኤ.አ. የ1960ን የኖቤል የሰላም ሽልማት በተቀበሉት በደቡብ አፍሪካዊው አልበርት ሉቱሊ ስም የተሰየመ ነው። ለሰላሙ ክብር ይመስላል፣ ሱቆቹ ሰው የሚያህል ስፒከር በር ላይ ገትረው ያስጮኻሉ። ዲዳ ላፕቶፕ ታቅፎ በዚያ ማለፍ፣ ጦም አዳሪ ሠርግ ቤት ደጅ እንደሚቆመው ነው።

የኔው ላፕቶፕ ከእንግሊዝ ቢሮ በጡረታ የተሰናበተ፣ እዚህ «ኤክስ ዩኬ» የሚሉት ዓይነት ነው። አንድ ፉንዲ ዘንድ አቀረብኩት፤ ጠጋኙን በስዋሂሊ እንዲህ ነው የሚጠሩት። ፉንዲው ዐዋቂ ነው፣ ዐዋቂ ደግሞ አይጠይቅም። መቼ ጠፋ? በጆሮ ማዳመጫስ ይሰማል? እንዲህ ያለው የጀማሪ ወሬ ነው። ክዳኑን ገለጥ አደረገና «ፖሌ ሳና፣ ፎርማት ይደረጋል» አለኝ። ሐዘኑን ገልጾ፣ ፍርዱን ሰጥቶ፣ 1,500 ሽልንጉን በኤምፔሳ ለመቀበል ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ፉንዲውን ብቻ ማመስገን ግን ግፍ ነው። እኛስ አዲስ አበባ ምን ስንሠራ ኖረናል? ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ፎርማት፣ ኪቦርዱ ሻይ ሲጠጣ ፎርማት፣ ቻርጅ አልይዝ ሲል ፎርማት። ባለቤቱ ራሱ ገና ከበሩ «ፎርማት አድርግልኝ» እያለ ነው የሚገባው፤ ሕመሙን ሳይናገር መድኃኒቱን ያዛል።

ነገረኞች ግን አይጠፉም። መጀመሪያ የድምፅ ማጥፊያው ቁልፍ ተነክቶ እንዳይሆን እይ ይላሉ። ድምፁ በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥን ወይም በብሉቱዝ ወደ ሌላ ስፒከር እየሄደ እንዳይሆን መውጫውን አረጋግጥ፤ አሮጌ ከሆነም የላፕቶፑን ሞዴል ፈልገህ ለሱ የተሠራውን የድምፅ ድራይቨር ጫንበት። እንዴት ያለ ምቀኝነት ነው! በነጻ የሚያልቅ ሥራ ምኑ ሥራ ይባላል? ፎርማት ደግሞ ለጋስ ነው፤ ድራይቨሩንም አብሮ ስለሚጠርግ፣ በአንድ ችግር የመጣ ሰው በሁለት ይመለሳል።

አመሻሽ ላይ ተረከብኩት። ትናንት የተወለደ ይመስላል። የልጄ ክርስትና ፎቶ የለ፣ የስድስት ዓመት ጽሑፍ የለ፣ ዘፈን የለ። ድምፅም የለ። «እንግዲህ ማዘርቦርዱ ነው» አለኝ ፉንዲው፣ የዘመድ መርዶ በሚነገርበት ቃና።

ኢስሊ ቤቴ ስገባ የጎረቤቴ ልጅ ያረጀ የጆሮ ማዳመጫ ይዞ መጣና ቀዳዳው ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰክቶ ነቀለው። እዚያ ውስጥ ቀጭን የብረት ምላስ አለች። ማዳመጫ ሲገባ ትገፋለች፤ ላፕቶፑም ስፒከሩን ዝም ያሰኛል። የኔዋ ማዳመጫው ከወጣ በኋላም እንደተገፋች ተጣብቃ ቀርታ ኖሯል። ፎርማቱ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር ማለት ነው።

ልጁ «ሰማህ? መጣ!» አለኝ። ደስ ብሎኝ ዘፈን ልከፍትለት ፎልደሩን ነካሁት። ባዶ ነው። ድምፁን እስከ 100 ከፍ አድርገን ሁለታችንም ጠበቅን።