ስኳር የሌለው የአጃ ኩኪስ፦ ዝርያዎቹና ጠባዩ

ስኳር የሌለው የአጃ ኩኪስ በየካ ክፍለ ከተማ ኦቨን በገባበት ቤት ሁሉ የሚገኝ የቤት ውስጥ ፍጡር ነው። ክብ ለመሆን ይጥራል። ቀለሙ ከገል እስከ ጭቃ ይደርሳል። ከሾላ እስከ ኮተቤ፣ ከመገናኛ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ድረስ በብዛት ቢታይም፣ ስለ ጤፍና ስለ እንሰት ይህን ያህል ሲጻፍ እርሱን ዞር ብሎ ያየው አልተገኘም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

አጃ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ሊቃውንት አቬና አቢሲኒካ የሚሉት የሐበሻ አጃ በደጋው የገብስ ማሳ ውስጥ ሳይጠራ በቅሎ፣ ሳይነቀል አድጎ፣ ከገብሱ ጋር ታጭዶ ከገብሱ ጋር ሲፈጭ ኖሯል። ከተማ ሲገባም ሥራው የታወቀ ነበር፤ አጥሚት ሆኖ አራስን ይጠግናል፣ ታማሚን ያነሣል። ጤነኛ ከተሜ አጃ መብላት የጀመረው እህሉ ተዳምጦ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ነው። የስኳር ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ ከተማው ስኳር ለማግኘት ብዙ ደክሟል። በሸማቾች ማኅበር ደጅ ወረፋ ይዞ የቆመው ትውልድ፣ ዛሬ ያንኑ ስኳር ከምግቡ ለማስወጣት አዲስ ድካም ጀምሯል።

ስለ ተፈጥሮ አካባቢው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የእንጦጦ አናት 3,000 ሜትርን ያልፋል። በዚህ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ የቤኪንግ ፓውደር ጋዝ ሊጡን ሳይጸና በፊት ይነፋውና መልሶ ቁጭ ያደርገዋል። በየስልኩ የሚዞሩት አሠራሮች ግን አብዛኞቹ የተጻፉት ቆላ ለሚኖሩ ፈረንጆች ነው። ስለዚህ የየካ ጋጋሪ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል ትቀንሳለች፣ ፈሳሹን ትንሽ ትጨምራለች፣ ሙቀቱን ከፍ ታደርጋለች። ከዚያ መብራት ይጠፋል። በግማሽ የበሰለው ዝርያ «ለስላሳ» ተብሎ ይቀርባል።

የስኳር አለመኖርም በአካሉ ላይ ምልክት ይተዋል። ስኳር ከማጣፈጥ ሌላ ሥራ አለው፤ ኦቨን ውስጥ ቀልጦ ሊጡን ያሰፋል፣ ያቀላል፣ ጠርዙን ያደርቃል። ስኳር የሌለው ሊጥ ትሪው ላይ እንዳስቀመጡት ይቀራል። በሹካ ጀርባ ካልጠፈጠፉት የጋጋሪዋ የጣት አሻራ እንዳለ በስሎ ይወጣል። ለመርማሪ ፖሊስ ካልሆነ በቀር ይህ ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ምደባው እንግባ።

ምድብ አንድ፤ በማጣፈጫው። በዚህ ረገድ አራት ዝርያዎች ይታወቃሉ።

ሀ) የማር። «ማር ስኳር አይደለም» በሚል እምነት ላይ የተመሠረተ ነው። ማር ከአምስት እጅ አራቱ ስኳር መሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማርን መቀነስ ካለባቸው ስኳሮች ጋር መቁጠሩ እምነቱን አላናወጠውም። ማሩ ከአገር ቤት የተላከ ከሆነ ደግሞ ክርክር አይቻልም።

ለ) የሙዝ። ጥቁር እስኪል የበሰለ ሙዝ ተድጦ ይገባበታል። የሚጣል ነገር ስለሚያድን በእናቶች ዘንድ ተወዳጅ ነው።

ሐ) የተምር። በረመዳን ከተረፈ ተምር ወይም ከሾላ ገበያ ይገኛል። ክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው፤ ፍሬ ስለሆነ ግን ማንም አይጠረጥረውም።

መ) እውነተኛው። ስኳርም፣ ማርም፣ ሙዝም፣ ተምርም የለበትም። እሑድ ተጋግሮ ረቡዕ ትሪው ላይ ስለሚገኝ ለጥናት እጅግ ይመቻል።

ምድብ ሁለት፤ በካርቦሃይድሬቱ መጠን። አጃ ራሱ ሁለት ሦስተኛው ካርቦሃይድሬት ነው። ደግነቱ ከ100 ግራሙ 10 ግራም ያህሉ አሰር ነው፤ አሰሩም ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ስለዚህ ካርቦሃይድሬቱ ያነሰ የአጃ ኩኪስ ለመጋገር በቅድሚያ የሚቀነሰው አጃው ነው። በምትኩ የተፈጨ ለውዝና ተልባ ይገባል። መንገዱ እስከ መጨረሻው ከተሄደበት የሚወጣው የለውዝ ኩኪስ ነው። ይህ ምድብ ራሱን በራሱ ስላጠፋ እናልፈዋለን።

ምድብ ሦስት፤ በአበላሉ። ሁለት ዝርያ ብቻ አለ። አንደኛው በፈቃድ የተበላ ነው፤ ብርቅ ነው። ሁለተኛው «በሞቴ ኩኪስ» ይባላል፤ የዚህ ጥናት ዋና ጉዳይም እርሱ ነው።

የበሞቴን ኩኪስ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን የእምቢታ ሥርዓት ማወቅ ያሻል። በአዲስ አበባ ቤት እንግዳ «በቃኝ» ቢል ተቀባይነት የለውም፤ ቃሉ እንደ መግደርደር ይቆጠራል። በሕግ የታወቁት እምቢታዎች ሁለት ነበሩ። «ጾም ነው» የመጀመሪያው ነው፤ ኦርቶዶክሳዊ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ስለሚጾም ግማሽ ዓመት ያህል ይሸፍን ነበር። «ስኳር አለብኝ» ሁለተኛው ሲሆን ዓመቱን ሙሉ ይሠራ ነበር። ይህን ያለ እንግዳ ሳህኑ ይነሣለታል፣ ይታዘንለታል፣ ስለ አብሽም ምክር ይሰጠዋል። ግን አያበሉትም።

ስኳር የሌለው የአጃ ኩኪስ ሁለቱንም ምሽጎች በአንድ ትሪ አፈረሳቸው። ቅቤው በዘይት፣ እንቁላሉ በተነከረ ተልባ ስለተተካ ጾሙ ምክንያት መሆኑ ቀረ። ስኳሩ ስለወጣ በሽታውም አላዋጣም። «ስኳር አለብኝ» የሚለው እንግዳ አሁን ቃሉን ሳይጨርስ «እሱን ብዬ አይደል የጋገርኩት!» ይባላል። እንዲያውም ከሌላው ሰው በእጥፍ ይቀርብለታል።

የበሞቴ ኩኪስ ከቡናው ሦስት ስኒዎች ጋር ሦስት ደረጃዎች አሉት።

በአቦል፦ «ቅመሱ እንጂ፣ ቡና ቁርስ ነው።» እንግዳው አንድ ያነሣል። አንድ ያጣላል፤ ስለዚህ ሁለት ያነሣል። ቆሎውና ፈንድሻው ከጎን ቀርበው ሳይነኩ ይመለከታሉ።

በቶና፦ «ምነው አልጣፈጠም?» ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። «ጣፍጧል» ያለ ሰው እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። «አልጣፈጠም» ያለ ሰው በሥነ ጽሑፍ አልተመዘገበም።

በበረካ፦ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ! ስኳር እኮ የላትም።» እዚህ ላይ ኩኪሱ በባለቤቲቱ እጅ ወደ እንግዳው አፍ አቅራቢያ ይደርሳል። ባሏ «ተዪው፣ አታስጨንቂው» ይላል፤ እርሱ የራሱን ድርሻ ጠዋት ጨርሷል።

በር ላይ የሚከሠት አራተኛ ደረጃም አለ። «ለልጆቹ» ተብሎ በሶፍት የተጠቀለለ ስድስት ኩኪስ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ልጆቹ አይበሉትም። የተቋጠረው ቅዳሜ ማለዳ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ አቋርጠው በባሕር ዛፉ መሐል ዳገት በሚወጡ ጎልማሶች ኪስ ውስጥ ይገኛል። እነርሱም ለልባቸው ብለው የወጡትን ዳገት በኩኪስ አክብረው ይወርዳሉ።

በዚህ ምድብ ሥር አንድ የተፈጥሮ ሕግ ተገኝቷል፦ ስኳር ከአንድ ቤት አይወጣም፤ ቦታ ብቻ ይለውጣል። ቡና የማይጠጣ እንግዳ ሻይ ይቀዳለታል፤ ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ፣ ማለትም 12 ግራም ያህል ስኳር ይገባል። ኩኪሱም «ትንሽ ስለደረቀ» እዚያው ይነከራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ባይታለፍ ይመረጣል ያለው መጠን 25 ግራም ገደማ ስለሆነ ሁለተኛው ብርጭቆ ሒሳቡን ይዘጋል።

በቅርጽ፣ በአቀማመጥና በፍርፋሪ መጠን የሚደረጉ ምድቦች ተዘጋጅተው ነበር፤ ማንንም ስለማይጠቅሙ ቀርተዋል። ሁለት ኩኪስ በልቶ ለሚያቆም ሰው የአጃ ኩኪስ በእርግጥ ከሱቁ ብስኩት ይሻላል። በየካ ሁለት በልቶ እንዲያቆም የተፈቀደለት ሰው ግን የለም።

እንግዶችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በቅርቡ «ለውዝ አይስማማኝም» የሚል አዲስ እምቢታ ከመገናኛ በላይ ባሉ ቤቶች መሰማት ጀምሯል። ባለቤቶቹ በትዕግሥት ሰምተውታል። ለውዝ የሌለበት ዝርያ ለመጪው እሑድ ይጠበቃል።