ውዳሴ ለማይታየው ቴአትር

ቴአትር ከተፈጠረበት ዘመን ጀምሮ ሦስት ደዌዎች ሲያሠቃዩት ኖረዋል፤ እነርሱም ተዋናይ፣ ተመልካችና ገንዘብ ናቸው። ተዋናዩ ቃለ ተውኔቱን ይረሳል፣ በተሰፋለት ልብስ ክንዱን ማንሣት እንዳቃተው ያማርራል፤ ተመልካቹ ዘግይቶ ይመጣል፣ ያስላል፣ ሲብስም ጨርሶ ይቀራል፤ ገንዘቡ ደግሞ መጋረጃው ሳይገዛ ያልቃል። ለእነዚህ ደዌዎች የጥንት ግሪኮችም ሆኑ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት መድኃኒት አላገኙላቸውም። መድኃኒቱን ያገኘው፣ ምስጋና ይድረሰውና፣ የተማሪዎች የቴአትር ዲዛይንና ማስተዋወቅ ውድድር ነው፤ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ነቅሎ ጥሎ ቴአትሩን ብቻውን አስቀርቷል፤ ቴአትሩም ቢሆን ካስፈለገ ሊቀር እንደሚችል ከዚህ በታች ይታያል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የሚያቅፍ፣ ስሙን የመጀመሪያው ተዋናይ ነው ከሚባለው ግሪካዊ ከቴስፒስ የወሰደ፣ በ1929 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ዓለም አቀፍ የቴስፒያን ማኅበር አለ። በዚህ ማኅበር ጥላ ሥር በየክፍለ ግዛቱ፣ ከዚያም በአገር አቀፍ ደረጃ በሚካሄደው ውድድር ተማሪዎች የሚፎካከሩት በትወናና በዜማ ብቻ ሳይሆን ከመድረክ ጀርባ ባሉ ሙያዎችም ጭምር ነው፤ ከእነዚህም መካከል የመድረክ ዲዛይን፣ ማለትም ተውኔቱ የሚካሄድበትን ስፍራ ቀርጾ ማቀድ፣ የአልባሳት፣ የመብራት፣ የድምፅና የገጽ ቅብ ዲዛይን፣ እንዲሁም ማስተዋወቅ፣ ይኸውም ፖስተሩን፣ የዝግጅት መጽሔቱንና ጋዜጣዊ መግለጫውን የማሰናዳት ሥራ ይገኙባቸዋል። ተወዳዳሪው የሥራ ማኅደሩን ይዞ ከስምንት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ሥራውን ለዳኞች ያስረዳል። እስከዚህ ድረስ ነውር የለበትም። የውድድሩ ጥበብ የሚገለጠው ግን ዲዛይኑ መድረክ ላይ የዋለ ወይም ንድፈ ሐሳባዊ ሊሆን እንደሚችል በሚፈቅደው አንቀጽ ነው። ንድፈ ሐሳባዊ ማለት፣ በግልጽ ሲነገር፣ ማንም ላላዘጋጀው፣ ማንም ላልተወነው፣ ማንም ላላየውና ወደፊትም ማንም እንዲያየው ላልታሰበ ዝግጅት የተሠራ ማለት ነው።

የዚህ ፈቃድ በረከት በመጀመሪያ የሚታየው በሞዴሉ ላይ ነው። ሞዴል የሚባለው በካርቶንና በሙጫ የሚሠራ ትንሽ መድረክ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ልኬት ግማሽ ኢንች አንድ ጫማን የሚወክልበት ነው፤ በዚህ ልኬት ስድስት ጫማ የሚረዝም ተዋናይ ወደ ሦስት ኢንች ካርቶን ይወርዳል። የሦስት ኢንቹ ተዋናይ ሥነ ምግባር እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ለጥናት አይዘገይም፣ ደረጃው ጠበበኝ አይልም፣ በሩም ከተሠራ ጀምሮ ተከፍቶ ስለማያውቅ በእጁ ላይ አይነቀልም። በአልባሳት በኩል ያለው እፎይታ ከዚህ ይበልጣል፤ ተወዳዳሪው ቢያንስ አምስት የአልባሳት ሥዕሎች እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ ደንቡም አምስት ገጸ ባሕርያትን ማልበስ ወይም አንዱን ገጸ ባሕርይ አምስት ጊዜ ማልበስ እንደሚችል ይፈቅድለታል። በእውነተኛ መድረክ ላይ አንዲት ንግሥት አምስት ጊዜ ልብስ ለመለወጥ ከመጋረጃው ጀርባ በጨለማ ቆመው ቁልፍ የሚፈቱና ዚፕ የሚስቡ ሁለት ሰዎች፣ አምስት ጥንድ ጫማና የአዘጋጁ እርግማን ያስፈልጓት ነበር፤ ሥዕሎቹ በሚለጠፉበት ሰሌዳ ላይ ግን ንግሥቲቱ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው የምትሻገረው ላብ ሳያጠምቃት ነው። ከሥዕሉ አጠገብ ሁለት ጣት የምታህል የሐር ቁራጭ ትለጠፋለች፤ ቀሚሱን ለመስፋት የሚያስፈልገውን የቀረውን ብዙ ሜትር ሐር ማን ይገዛዋል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠይቅም ጥያቄው ከስምንቱ ደቂቃ ውጭ ነው።

ሌላው ሊመሰገን የሚገባው አንቀጽ በአንድ ዲዛይን ላይ ከአንድ በላይ ተወዳዳሪ እንዳይሳተፍ የሚከለክለው ነው። ቴአትር ጸሐፌ ተውኔቱ፣ አዘጋጁ፣ አናጺው፣ ልብስ ሰፊውና መብራት ባለሙያው ተባብረውና ተነታርከው ካልሆነ በቀር የማይወለድ ጥበብ መሆኑን መማሪያ መጻሕፍቱ ሁሉ ሲሰብኩ ኖረዋል፤ ውድድሩ ይህን የቆየ ስሕተት በአንድ መስመር አርሞታል። አረንጓዴ ቀሚስ በቀይ መብራት ሥር ጥቁር መስሎ እንደሚታይ የአልባሳት ዲዛይነሩ የሚማረው ከመብራት ባለሙያው ጋር ሲጣላ ነው፤ ብቻውን የሚወዳደር ልጅ ግን ቀሚሱን ለዘላለም አረንጓዴ እንዳደረገ ይመረቃል።

ይህ ሥርዓት ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ስንት ውርደት በቀረ ነበር! እንግሊዛዊው የመድረክ ዲዛይነር ኤድዋርድ ጎርደን ክሬግ በ1912 እ.ኤ.አ. በሞስኮ የሥነ ጥበብ ቴአትር ለታየው ሐምሌት፣ ወዲያና ወዲህ እየተንቀሳቀሱ የመድረኩን ቅርጽ የሚለዋውጡ ረጃጅም መከለያዎችን ነደፈ፤ በወረቀት ላይ ግርማቸው የሚያስደነግጥ ነበር። ዝግጅቱን አብሮት የመራው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ በትዝታ መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በመክፈቻው ዕለት ተመልካቹ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ከመከለያዎቹ አንዱ ዘመም ብሎ በጎረቤቱ ላይ ወደቀ፣ ጎረቤቱም በሚቀጥለው ላይ፣ እንዲህ እንዲህ እያለም ሁሉም ተከታትለው ተረፈረፉ። ክሬግ ንድፉን በሰሌዳ ለጥፎ ስምንት ደቂቃ ብቻ ቢናገርበት ኖሮ አንዲት መከለያ አትወድቅም ነበር፤ የቴአትር ታሪክም ስለ እንጨት ክብደትና ስለ ወለል ድጋፍ ያንን የመሰለ ትምህርት ባላገኘ፣ ሰላሙም ባልደፈረሰ ነበር።

የጥበቡ ጫፍ ግን ያለው በማስተዋወቅ ዘርፍ ነው፤ ንድፈ ሐሳባዊው ፈቃድ ወደዚህ ሲሻገር የሰው ልጅ ከዚህ በፊት ያልደረሰበት ከፍታ ላይ ይደርሳል። ማስተዋወቅ በተለምዶ ሰው ያለን ነገር መጥቶ እንዲያይ የመጥራት ሥራ ነበር፤ አሁን ግን የሌለን ነገር መጥቶ እንዳያይ በውብ ፊደል የመጥራት ሥራ ሆኗል። በፖስተሩ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ አዳራሽና የመግቢያ ዋጋ ይሰፍራል፤ በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ዝግጅቱ ከአሁኑ መነጋገሪያ እንደሆነ ይገለጻል፤ ከዚያም በጀት ይቀርባል፤ በጀቱም ለእውነታ የቀረበ መሆን አለበት። ይህን ልብ ማለት ያሻል፤ ዝግጅቱ በእውን እንዲኖር አይጠየቅም፣ የማይኖረው ዝግጅት ወጪ ግን በእውነተኛ የማተሚያ ቤት ዋጋ መሰላት አለበት።

እንዲህ ያለው ማስተዋወቅ ከተሳካ ደግሞ አንድ ችግር ይወልዳል። ጎበዝ ተማሪ የሠራው ፖስተር ሰውን የሚስብ ነው፤ የሳበው ሰው ቅዳሜ በ12 ሰዓት ሚስቱን ይዞ ቢሄድ አዳራሹ ተቆልፎ፣ ወይም ሰርግ ገብቶበት ያገኘዋል። ስለዚህ ለንድፈ ሐሳባዊው ቴአትር ንድፈ ሐሳባዊ ተመልካች ያስፈልገዋል፤ ተመልካችነትም ሙያ እንደመሆኑ የራሱ የውድድር ዘርፍ ሊከፈትለት ይገባል። በዚህ ዘርፍ የሚወዳደረው ተማሪ የሳቁን ናሙና በድምፅ፣ የዕንባውን ናሙና በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ በሰሌዳው ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያም በሁለተኛው ገቢር አጋማሽ ላይ ለምን ይስቅ እንደነበር፣ በሦስተኛው ገቢር መጨረሻ ላይም ለምን ሊነሣ ሲል ተመልሶ እንደተቀመጠ በስምንት ደቂቃ ያብራራል። የትብብር ክልከላው እዚህም ይጸናል፤ አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ጋር አብሮ መሳቁ የተረጋገጠበት ተወዳዳሪ ነጥብ ይቀነስበታል፣ በጭብጨባ የተባበረም ከውድድሩ ይሰረዛል። ተመልካቹ ከተገኘ ሐያሲ አይጠፋም፤ የሒስ ዘርፍ ተወዳዳሪው መብራቱ ደብዘዝ ማለቱንና የንግሥቲቱ አምስተኛ ልብስ ከአራተኛው እንደሚያንስ ይጽፋል፤ ዝግጅቱም በሕዝብ ጥያቄ ለተጨማሪ ሦስት ሳምንታት ይራዘማል። በትኬት መሸጫው መስኮት ላይ ትኬቱ ማለቁ ይለጠፋል፣ ትኬቱ ያለቀበት ሰው በንድፈ ሐሳባዊ ደላላ በኩል በእጥፍ ይገዛል፣ የጸሐፌ ተውኔቱ ወራሾች ድርሻቸውን ይጠይቃሉ፣ ድርሻቸውም ለእውነታ በቀረበ በጀት ተሰልቶ ይከፈላቸዋል፣ ማለትም ይከፈላቸው እንደነበር በሰንጠረዥ ይታያል። በዚህ ሁሉ መካከል የቴአትሩን መኖር የሚጠራጠር አንድ አካል ብቻ ይቀራል፤ እርሱም ግብር ሰብሳቢው ነው፤ ለገቢው ማረጋገጫ ቢጠይቅ ፖስተሩን ያሳዩታል፤ ፖስተሩ ደግሞ በእርግጥ ያምራል።

የውጤቱም አሰጣጥ ከዚህ ርኅራኄ አይለይም፤ እጅግ የላቀ፣ የላቀ፣ ጥሩና ደኅና የሚሉ አራት ደረጃዎች ብቻ ስላሉ፣ የመጨረሻው ተሸናፊ እንኳ ደኅና ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል።

ይህ ሁሉ ግን አሳፋሪ ነገር ነው። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ልጆቹ ሌሊት ተቀምጠው ካርቶን የሚቆርጡ፣ በዚያ ዕድሜ ሊመሰገን የሚገባ ትጋት ያላቸው ናቸው። ጥፋቱ ያንን ትጋት ከመድረኩ ነጥለው ወደ ሰሌዳ ያዞሩት ትልልቆች ነው። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተዋናዩ ያለ መብራት ይንከላወሳል፣ ልብሱ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ይወጣል፣ የመጨረሻዎቹ ረድፎችም ባዶ ይቀራሉ፣ ምክንያቱም በፖስተር ጥበብ የላቀ የተባለው ልጅ በዚያው ሳምንት ለሌለ ቴአትር ፖስተር ሲሠራ ነበርና። ያለውን ዝግጅት አስተዋውቆ ሠላሳ ሰው ያስገባ ልጅ፣ የሌለውን አስተዋውቆ ከተሸለመው ይበልጣል። ይህን ለመረዳት ማኅደር አያስፈልግም።

ነገሩ በሌላ መንገድ ሊካሄድ እንደሚችል በብሪታንያ በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሊንበሪ ሽልማት ያሳያል፤ ይህ ከትምህርት ቤት ለሚወጡ የመድረክ ዲዛይነሮች የተዘጋጀ ውድድር ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን ከቴአትር፣ ከኦፔራና ከዳንስ ቡድኖች ጋር አገናኝቶ ያሠራቸዋል፤ ለአሸናፊዎቹም የሚሰጠው ክብር ዲዛይናቸው በእውን ተሠርቶ መድረክ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ከሽልማት ይልቅ ቅጣት የሚመስል ጭካኔ ነው ይባል ይሆናል፤ ገና ከትምህርት ቤት የወጣን ልጅ ወስዶ ደረጃው ይሰበራል ከሚል አናጺ፣ ሐሩ ውድ ነው ከሚል ገንዘብ ያዥና ከፊት ረድፍ ከሚያዛጋ ሰው ጋር ያጋፍጡታልና። የንድፈ ሐሳባዊው ውድድር ተሸላሚ ይህን ሁሉ ሳያይ ሊያረጅ ይችላል።

ከዚህ ሥርዓት ጋር ለመላመድ የሚቸገሩት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እነርሱ የሚያውቁት ቴአትር ማስታወቂያው በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሰዎች ተሰልፈው የሚገቡበትን ነውና። ልጅ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ መድረክና የተሸለመበትን ወረቀት ታቅፎ ወደ ቤት ሲገባ እናት «እልል! መቼ ነው የምናየው ልጄ?» ማለቷ አይቀርም፤ ልጁም አይታይም፣ ንድፈ ሐሳባዊ ነው ብሎ በትዕግሥት ያስረዳታል። አባት ደግሞ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፣ የመመዝገቢያው፣ የአውቶቡሱና የሆቴሉ ክፍያስ ንድፈ ሐሳባዊ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል።