ለአንድ ሌሊት መቅደላ

የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር መቅደላን ለመያዝ ሲነሣ ከሕንድ 44 ዝሆኖች አስመጥቷል። 13 ሺህ ያህል ወታደር በዙላ በኩል አስገብቶ፣ ከባሕሩ ዳርቻ የባቡር ሐዲድ አስዘርግቶ፣ የባሕር ውኃ አጣርቶ እያጠጣ ነው የመጣው። እንዲህ የተደራጀ ሰው አንድ ነገር ግን አልገጠመውም፦ ድስቱን ማን ይሸከም የሚል ስብሰባ።

እኛ ገጥሞናል።

ነገሩ የተጠነሰሰው ፒያሳ፣ ማኪያቶ ላይ ነው። መንገዱ ሰላም የነበረበት ጊዜ ነውና፣ ከመካከላችን አንዱ «ለምን መቅደላ ወጥተን አንድ ሌሊት አናድርም?» ሲል እብድ ያለው አልነበረም። ሁላችንም «እንዴታ!» አልን፤ ማኪያቶም ያናግራል። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ካርታ ማንበብ ስለሚወድ ብቻ ኢንጂነር የምንለው ወዳጃችን የዕቃ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ባንክ የምትሠራዋ ሒሳብ ያዥ ሆነች። ጡረታ የወጡት ነርስ፣ እትዬ የምንላቸው፣ ጤና ጥበቃን ያዙ። የታሪክ መምህሩን አማካሪ አደረግነው፤ ባናደርገውም ማማከሩ አይቀርም ነበር። አንዱ ደግሞ «እኔን ተዉኝ፣ ዝም ብዬ እከተላለሁ» አለ። እንዲህ ካለ ሰው ይሰውራችሁ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ቀን ለመቁረጥ ነበር። መምህሩ ከሚያዝያ 6 ውጭ አልሰማም አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሠዉበት ቀን ነው።

«በልግ ነው፤ ጭቃ ነው» አለ ኢንጂነሩ።

«ጾም ውስጥ ቢውልስ?» አሉ እትዬ።

«ቅዳሜና እሑድ ላይ ይውላል?» አለች ሒሳብ ያዥዋ።

«ንጉሡ የሞቱት ሰኞ ነው!» ብሎ መምህሩ ተቆጣ።

«ሰኞ እኔ ፈቃድ አይሰጠኝም።»

ኅዳር ላይ ተስማማን። መምህሩ ልዩነቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ ብሎ አስይዟል።

ከዚያ ዕቃው መጣ። ኢንጂነሩ ዝርዝሩን ቴሌግራም ላይ ለቀቀው፦ የኪራይ ድንኳን፣ ገመድ፣ መዶሻ፣ አካፋ።

«አካፋው ለምንድን ነው?»

«በድንኳኑ ዙሪያ የጎርፍ መውረጃ ይቆፈራል።»

«በኅዳር?»

«ቢዘንብስ?»

በሩ በዚህ ተከፈተ። ቢበርድስ ተብሎ በነፍስ ወከፍ ብርድ ልብስና ጋቢ ገባ። ቢርበንስ ተብሎ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮና ቋንታ ገባ። እትዬ የደም ግፊት መለኪያቸውን ጨመሩ፤ ማናችንም ግፊት የለብንም ስንል «እዚያ ስትደርሱ ይኖራችኋል» አሉ። መምህሩ እያንዳንዳቸው ጡብ የሚያካክሉ አራት መጻሕፍት አመጣ። ጀበናው የኔ ነው፤ ስለ እሱ አልከራከርም።

«ዝም ብዬ እከተላለሁ» ያለው ሰው ደግሞ ተራራው ላይ በግ ካልታረደ ጉዞው ጉዞ አይደለም አለ። ማን ያርዳል ሲባል ሁሉም ስልኩን ማየት ጀመረ። ያዳነን መምህሩ ነው። በ1860 የፋሲካ ዕለት ቴዎድሮስ ለናፒየር 1000 ላምና 500 በግ ልከውለት እንደነበር አስታወሰን። ስጦታውን የተቀበለላቸው መስሏቸው ዕርቅ ወርዷል ብለው ተስፋ አደረጉ፤ በማግሥቱ ግን ከብቱ አለመወሰዱን ሰሙ፤ ያ ቀን የመጨረሻቸው ሆነ። «እዚያ ተራራ ሥር የበግ ነገር እንዲህ በዋዛ አይነሣም» አለ። በጉ ቀርቶ ሽሮ ገባ። ሽሮው ግን ድስት ጠራ።

ድስቱ ትልቅ ነው፤ የእትዬ የዕድር ድስት። ኢንጂነሩ ወገቡን አመመው። ሒሳብ ያዥዋ ገንዘቡን መያዟን እንደ ሸክም ቁጠሩልኝ አለች። መምህሩ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ቆመ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ጋፋት ላይ የተሠራ፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ብረት ነው አለ። ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ ገደል እየናዱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ስድስት ወር ያህል በሰው ጉልበት ጎተቱት፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። «እናንተ ደግሞ በአንድ ድስት!»

አፍረን ዝም ስንል፣ ያ ዝም ብሎ የሚከተለው ሰው እጁን አወጣ።

«የሴባስቶፖል ቅጂ እኮ እዚህ ቴዎድሮስ አደባባይ አለ። በእግር ደርሰን ለምሳ እንመለሳለን።»

ኮሚቴው ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ ድስቱን እሱ ይሸከማል።

የቀረው በቅሎ ነው። ተንታ የሚኖሩ የአንድ የበቅሎ ባለቤት ስልክ በሰው በሰው ተገኘ። ኢንጂነሩ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ «አባባ፣ ከተንታ አምባው ድረስ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አላቸው።

ጥቂት አሰቡ። «ለማን?»

«ለእኛ።»

«እስቲ መጀመሪያ ልያችሁ።»

ከአዲስ አበባ የምንነሣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተባለ። መምህሩ ምኒልክ በ1857 ከአሥር ዓመት እስር በኋላ ከመቅደላ ያመለጡት በሌሊት እንደሆነ፣ ያን ሌሊት የዘገየ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ፒያሳም እንደማይኖር አስረዳ። እኛ የተነሣነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባለ ድስቱ ክዳኑን ረስቶ ተመልሶ ነበር።

ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም፤ ተኝቻለሁ። አድረን በማግሥቱ በኩታበር በኩል ተንታ ደረስን። የበቅሎዎቹ ባለቤት ነጠላቸውን አጣፍተው ጭነታችንን አንድ ጊዜ ዞሩት።

«ስንት ወር ልትቀመጡ ነው?»

«አንድ ሌሊት ነው አባባ።»

አካፋውን አንሥተው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «እርሻ አላችሁ እዚያ?»

ከዚያ ያለ ስብሰባና ያለ ቃለ ጉባኤ እኛ ስንት ማኪያቶ የጨረስንበትን ጉዳይ ባንድ አፍታ ፈጸሙት። ብርድ ልብሱ፣ መጻሕፍቱ፣ መዶሻው፣ የዕድር ድስቱ ሁሉ ጓዳቸው ገባ። ጀበናውን ሲያዩ «ይቺ ትሂድ» አሉ፤ ይህን እዚህ የምጽፈው ለሚመለከታቸው ሰዎች ነው። ኢንጂነሩ ድንኳኑን በሁለት እጁ አቅፎ ስለቀረ ተዉለት።

የበሽሎን ሸለቆ ቁልቁል እያየን ስንወጣ፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ስለተደረገው ጦርነት ሊነግረን ቃል የገባው መምህር ትንፋሽ አጠረው። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት የተደረገውን ያን ሁሉ ውጊያ እንዲህ ሲል አስተማረን፦ «ወረዱ... አለቁ... ውኃ!» እንደዚያ ግልጽ የሆነ ትምህርት ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

አምባው ላይ ደርሶ ትንፋሹ ሲመለስለት ግን ዘረፋውን አወራን። እንግሊዞች ከዚህ የወሰዱትን መጽሐፍ፣ መስቀልና ጽዋ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓቸዋል፤ ብዙው ዛሬም ለንደን ነው። እትዬ ተንታ ጓዳ የቀረው ድስታቸው ትዝ ብሏቸው መሰለኝ፣ «ሲመለስ ጭነቱ የሚበዛ መንገደኛ እንግሊዝን አየሁ» አሉ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ኢንጂነሩ ሜዳ መረጠ። ድንኳኑን ዘርግቶ ካስማ ሲቆጥር ካቡን ተሻግረው አንድ ሽማግሌ መጡ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ድንኳን ልንተክል ነው አባባ።»

ሽማግሌው በድንጋጤ ዙሪያውን አዩ። «ማን ሞተ?»

ማንም እንዳልሞተ፣ ልንተኛበት እንደሆነ ልናስረዳ ሞከርን። ባስረዳን ቁጥር ፊታቸው እየከፋ ሄደ። ቤት እያለ እንግዳ ሜዳ ላይ አደረ ቢባል ነገ በምን ዓይናቸው ሰው ያያሉ? ክርክሩ አጭር ነበር፤ የክርክር ልምዳችን ምንም አልጠቀመንም። እሳት ዳር፣ መደብ ላይ፣ ከጥጆቹ ብዙም ሳንርቅ አደርን። ሽሯችንን ባለቤትየዋ በራሳቸው ድስት ሠሩት፤ ቡናውን በኔ ጀበና አፈሉት፤ እትዬ የቤቱን ሰው ሁሉ ግፊት ለኩ።

ድንኳኑን የተከልነው ሲነጋ ነው፤ ስድስታችንም ተራ በተራ ከውስጡ አንገታችንን አውጥተን እያዛጋን ፎቶ ተነሣን። ሽማግሌው አጠገባችን ቆመው ለመንደሩ ልጆች ማንም እንዳልሞተ ያስረዱ ነበር። ኪራዩን ሒሳብ ያዥዋ «የማደሪያ ወጪ» ብላ ለስድስት አካፈለችው፤ ያ ዝም ብሎ የሚከተለው ሰው የሱን ድርሻ እስከ ዛሬ አልከፈለም፤ አላደርኩበትም ይላል።